ድመት የገደለ እጅ

ከስድሳ ዓመት በላይ በብዕር የኖርሁ ሰው ነኝ። ብራና ላይ ጽፌአለሁ፤ ወረቀት ሲመጣ ወረቀት ላይ ጽፌአለሁ፤ ለመንደሩ ሰው ስንት ማመልከቻ እንደጻፍሁ እግዜር ይቁጠረው። ይህን እጄን ግን ገና በሃያ ሁለት ዓመቴ አጣሁት ብዬ የሰጋሁበት ቀን ነበር። ዘመኑ የጥይት ዘመን ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ግን ጥይት አልነበረም፤ ድመት ነው። መሳቅ የምትፈልጉ ሳቁ። በሌላ ሰው ደርሶ ብሰማው እኔም እስቅ ነበር።

ጣሊያን አገራችንን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነበር። እኔ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ነኝ። እርፍ ስይዝ በሬው ሳይቀር ያዝንልኝ ስለነበር አባቴ "ይኼስ ለእርሻ አልተፈጠረም" ብሎ ለትምህርት ሰደደኝ። ዞሬ ዞሬ ጋፋት ደረስሁ፤ ከደብረ ታቦር ብዙም አትርቅም። እዚያ የኔታ ክንፈ የሚባሉ የቁም ጽሕፈት መምህር ነበሩ። ቁም ጽሕፈት መጽሐፍን ብራና ላይ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያቆሙ የመገልበጥ ሙያ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ከተማሪዎቻቸው ግማሹ ዱር ገባ፣ ግማሹ ወደ እናት አባቱ ተመለሰ። በቤቱ የቀረነው የኔታ፣ መንኩሰው አብረዋቸው የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው እማሆይ ወለተ ሐና፣ እኔ፣ እና መሪጌታ ነበርን።

መሪጌታ ድመት ነው። ሰውነቱ አመድማ ሆኖ ራሱ ብቻ ነጭ ስለነበር ጥምጥም የጠመጠመ ይመስላል። ዜማ ስናዜም ደግሞ መካከላችን ቁጢጥ ብሎ ኹርርር ይል ነበር። ስሙን ያወጡለት የሄዱት ተማሪዎች ናቸው። የኔታ መጀመሪያ "የማዕርግ ስም ለድመት!" ብለው ተቆጥተው ነበር አሉ፤ እኔ ስደርስ ግን እሳቸው ራሳቸው "መሪጌታ ዛሬ ስንት አይጥ ያዙ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። ሁላችንም በአንቱታ ነበር የምንጠራው። እማሆይ ብቻ ቁርበት ላይ ሲተኛ ባገኙት ቁጥር "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ይሉት ነበር፤ እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ይተኛል።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ መሪጌታ ትልቅ ሥራ ነበረው። የደብሩ ካህናት ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኑን ያቃጥላል ብለው ስለፈሩ መጻሕፍቱን በየሰዉ ቤት ደብቀው ነበር። ለየኔታ አሥራ አንድ ደረሳቸው። በቁርበት ጠቅልለን የእህል ጎታ ውስጥ አስገባናቸው፤ ለፍተሻ የመጣ ወታደር እህል ነው ብሎ እንዲያልፍ ከላይ ገብስ ነሰነስንበት። ገብሱ ወታደር ቢያታልልም አይጥ ይጠራል። አይጥ ደግሞ ገብሱን ስትጨርስ ብራናውን ትጀምራለች፤ ቆዳ ነውና። ከመጻሕፍቱ ትልቁ በእርጅና ፊደሉ እየጠፋ ስለነበር የኔታ እሱን ገልብጠው ሳይጨርሱ ላለመሞት ተስለዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ነገር የተጣለው በአንድ ድመት ጥፍር ላይ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት ታሪኩ አይገባችሁም። በእኛ አገር ድመት የገደለ ሰው እጁ እስኪሞት ድረስ ይንቀጠቀጣል ይባላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ በገበያ ሲያልፍ "ምን ድመት ገድሎ ይሆን?" ብሎ የማያንሾካሹክ አልነበረም። ስለዚህ ድመት የታመመበት ሰው አይገድልም፤ ወስዶ ገደል አፋፍ ላይ ይጥለዋል። የቀረውን ጅብ ይጨርሳል። ሰውየው እጄ ንጹሕ ነው ብሎ ቤቱ ይገባል።

ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታን ጾም እንደያዝን ዝናቡ የሜዳውን አይጥ ሁሉ ወደ ቤት አመጣው። አንድ ቀን መጻሕፍቱን የጠቀለልንበት ቁርበት ጫፉ ተግጦ አገኘሁ። መሪጌታ ብቻውን አልቻለም ማለት ነው። ያኔ እኔ፣ ተገኘ የምባለው ብልህ፣ አንድ ነገር ታየኝ። ከአጥሩ ቁልቋል ቆርጬ፣ ነጩን ወተቱን በዶሮ ላባ እየነከርሁ የጎታውን አፍና ቁርበቱን ዙሪያውን ቀባሁት። አይጧ አንዴ ብትቀምሰው አፏ ይቃጠላል፤ ሁለተኛ አትመጣም አልሁ። ለየኔታ አልነገርሁም። አይጥ መጥፋቱን አይተው ሲደነቁ ያኔ ልናገር ነው፤ ሳይታዘዙ ሠርቶ መመስገን ያምረኝ ነበር። የረሳሁት ነገር ቢኖር መሪጌታ ጎታው ውስጥ ገብቶ ቁርበቱ ላይ እንደሚተኛ ነው። ድመት ደግሞ ጠጉሩን የነካውን ሁሉ ይልሳል።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን ያነቃን የእማሆይ ጩኸት ነው።

"ወይኔ ወንድምዓለም! መሪጌታን እባብ ተፋባቸው!"

ከጎታው ሥር ተጋድሟል። ሁለት ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፤ ከአፉ ለሃጭ ይዝረበረባል። በመዳፉ ፊቱን ሊጠርግ ይሞክራል፤ በጠረገ ቁጥር ይብስበታል። እባብ አለመሆኑን ወዲያው አወቅሁ። እነሱ እሱን ከብበው ሳለ እኔ ቁርበቱን አውጥቼ ከጎታው አፍ ጋር በአመድና በውሃ አጠብሁት። እማሆይ አይተውኝ "ጎበዝ፣ የእባቡ መርዝ እንዳይተርፍበት ነው?" አሉኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ያችን ምስጋና እስከ ዛሬ አልወደድኋትም።

የኔታ ያን ቀን ብዕር አልያዙም። እማሆይን ወተት እንዲለምኑ ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ሞላ ላኳቸው። አያ ሞላ ተጫዋች ገበሬ ነው።

"በፍልሰታ ወተት ፍለጋ! እማሆይ፣ ምንኩስናው በዛዎት እንዴ?"

"ለድመት ነው አንተ ባለጌ፣ በል ቅዳልኝ" ብለው ይዘው መጡ።

ዓይኑን በተልባ ውሃ አጠብንለት። ወተቱን በጥጥ እየነከርን ከንፈሩ ላይ ጠብ ስናደርግለት ምላሱን ሊያወጣ ይሞክርና ይጮኻል። እንደዚያ ስንል መሸ።

በሁለተኛው ቀን ተስፋ መጣ። ጠዋት ሦስት አራት ጠብታ ዋጠ። የኔታ ሆን ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዜማ ሲጀምሩ ያበጠ ፊቱን ቀና አደረገና ወደ እሳቸው አዞረ። የኔታ ደስታቸው ፊታቸውን ሞላው።

"ይድናሉ! ተገኘ፣ አየሃቸው? ሊመሩን እኮ ነው!"

እኔ በሆዴ ለእመቤታችን ሻማ ተሳልሁ። ከዳነ ምስጢሩ ከእኔ ጋር ይቀበራል ብዬ ነበር፤ አታላይነቴን ደግሞ እሷ የማታውቅ ይመስል። ከቀትር በኋላ ለሃጩ ደም ቀላቀለ። ምላሱ ተልጦ ነበር። ውሃም እምቢ አለ።

በሦስተኛው ቀን ጩኸት ጀመረ። የድመት ጩኸት አይደለም፤ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ብላችሁ አስቡት። እየተሳበ ወደ ጎታው ሄዶ ጀርባውን አስደገፈና እዚያው ይጮኻል። በዚህ ላይ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። አያ ሞላ ድምፁን ሰምቶ ገሳውን እንደደረበ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"የኔታ፣ ይኼ አበቃለት። ይስጡኝና ገደሉ አፋፍ አድርሼላችሁ ልምጣ። ዛሬ ሳይመሽ ጅብ ይገላግለዋል።"

"እግዜር የሰጠውን እግዜር ይውሰድ እንጂ" አሉ እማሆይ። "እዚሁ እሳት ዳር ይሙቱ። ለምን ሰው ይነካቸዋል?"

"እማሆይ፣ ሁለት ቀን ቢቆይስ? ሦስት ቢቆይስ? ይሰሙታል እኮ።"

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ፣ ተገኘ? ከእኛ ሁሉ የምትቀርባቸው አንተ ነህ።"

ያ ጥያቄ ሰበረኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቁልቋሉን፣ ላባውን፣ እባብ ነው ሲባል ዝም ማለቴን፣ ቁርበቱን ማጠቤን። አያ ሞላ "አይ አንተ!" ብሎ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። የኔታ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ።

"አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! ቁልቋል ለአጥር ነው እንጂ ለመጽሐፍ ማን አለህ? አፍ የለህም? አትጠይቅም? ሦስት ቀን ሙሉ እባብ ነው ስንል እየሰማህ!"

የኔታ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና ጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ከዝናቡ ዳር ተቀመጡ። መሪጌታ ይጮኻል። እማሆይ ያለቅሳሉ። አያ ሞላ ሄደ። እኔ ካለሁበት አልተነሣሁም። የኔታ ተመልሰው ሲገቡ ቁጣቸው አልፎ ነበር፤ ፊታቸው ላይ የቀረው ድካም ብቻ ነው።

"መሪጌታን ለጅብ አልሰጥም" አሉ። "ዓይኑ የጠፋ፣ መሮጥ የማይችል ፍጡር ገደል ላይ ጥሎ፣ ጅቡ ሲመጣ ሽታው እየሸተተው... ያ እጅን ማንጻት ነው? እዚህ አስቀምጬ ሲጮኽም አልሰማም። ስድስት ዓመት አገልግለውናል። በእኛው እጅ ያርፋሉ።"

"በፍልሰታ ደም፣ ወንድምዓለም?" አሉ እማሆይ።

"ደም አይፈስም፣ እህቴ።"

ብራና ስንወጥር ችካል የምንመታበት የእንጨት መዶሻ ነበረን። የኔታ አንሥተው የመዶሻውን ራስ በጨርቅ ጠቀለሉት። እዚህ ላይ ነው ፍርሃቴ የመጣው። የእኔን እጅ አሰብሁ፤ እንጀራዬ ነው፤ ለእርሻ እንደማልሆን አባቴ ነግሮኛል። የእሳቸውን እጅ አሰብሁ፤ ያ ትልቅ መጽሐፍ ገና ግማሽ ነው። ከሁለታችን አንዱ እጁን ሊያጣ ነው። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ተነሣሁ።

"የኔታ፣ ለእኔ ይስጡኝ።"

"እጅህስ?"

"ይንቀጥቀጥ።" ይህን ስል ገና ሳልነካው እየተንቀጠቀጠ ነበር።

የኔታ አዩትና "የአሮጊት ተረት ነው" አሉ። "ድመት በሰው እጅ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ይኼን የምትፈራ ከሆነ የተማርኸውን ሁሉ ለእኔ መልስልኝ።"

"እንግዲያው ይስጡኛ።"

"ብቻህን አትችልም። እንዲህ ሆነህ ብትስት ሁለተኛ ልትመታው ነው፤ ኃጢአቱ እሱ ነው። ያዝ።"

የመዶሻውን እጀታ ያዝሁ። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን በእጄ ላይ ጫኑ። በቀለም የጠቆረ፣ ትልቅ፣ ሞቃት እጅ ነበር።

"ምናልባት ተረቱ እውነት ቢሆን እንኳ ግማሽ ግማሽ ይደርሰናል" አሉና በዚያ ሁሉ መካከል ፈገግ አሉ።

መሪጌታን በራሳቸው በየኔታ ጋቢ ጠቅልለን እሳቱ ዳር አስተኛነው። ሙቀቱ ሲሰማው ጩኸቱ ቀነሰ። የኔታ ቀስ ብለው፣ ማታ ማታ የሚያዜሙትን ዜማ ጀመሩ። መሪጌታ ጆሮውን አቀና። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "መሪጌታ፣ ይፍቱን" አሉ። መዶሻው ተነሣ። ማን እንዳነሣው፣ እኔ ልሁን እሳቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ወረደ። ከዚያ ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር።

ውጭ አልቀበርነውም። በዚያን ጊዜ አዲስ የተቆፈረ አፈር የታየበት ቤት ጠመንጃ ቀብሯል ተብሎ ይፈተሻል። ከጓሮ ያለውን የአመድ ክምር ገልጠን፣ ከሥሩ ቆፍረን፣ ከነጋቢው አስገብተን አመዱን መለስንበት። የኔታ ሌላ ጋቢ አልነበራቸውም። ያን ክረምት የእማሆይን አሮጌ ኩታ ለብሰው ከረሙ።

እጃችንን ታጥበን ስንገባ እኔ ጥግ ይዤ ላለቅስ አስቤ ነበር። የኔታ ግን ትልቁን መጽሐፍ ዘረጉ፤ የሚገለብጡበትንም ብራና ዘረጉ። ብዕራቸውን ነክረው ሁለት መሥመር ጻፉ። እጃቸውን አፍጥጬ አየሁ። ፊደሉ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ጻፍ።"

በዚያ መጽሐፍ ላይ ጽፌ አላውቅም፤ እኔ የምሞክረው በብራና ቁራጭ ላይ ነበር። "የኔታ፣ ዛሬ?" አልሁ።

"ዛሬ ካልጻፍህ ነገ ትፈራዋለህ።"

ጻፍሁ። መሥመሩ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ሄደ። ስህተት የምንፍቅበትን ካራ ላነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተወው።"

"የሚያነብ ሰው ምን ይላል?"

"ተማሪ ጻፈው ይላል። ሁለተኛውን መሥመር ጻፍ።"

ሁለተኛው ትንሽ ተሻለ። በአምስተኛው ላይ እጄ የራሴ ሆነ። የኔታ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመጽሐፉ እኩል ያካፍሉኝ ነበር፤ ለዚህም ነው ቶሎ ያለቀው። ጨርሰነው በዓመቱ እሳቸው ዐረፉ። አሥራ አንዱም መጻሕፍት፣ የገለበጥነው አሥራ ሁለተኛውም፣ ጠላት ሲወጣ ወደ ደብሩ ተመለሱ። አይጡንስ ምን አደረጋችሁት ትሉኝ ይሆናል። አያ ሞላ ከእብናት ገበያ ሲመለስ አንዲት የድመት ግልገል በስልቻ አምጥቶ ሰጠን። እሷን እማሆይ ማዕርግ አልሰጧትም፤ ውሪት ብቻ ብለው ጠሯት።

እንግዲህ ይህ ነገር ምን ለወጠህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁለት ነገር እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ሳልጠይቅ ብልህ መሆንን ተውሁ። ሁለተኛው ይከብዳል። ከዚያ በፊት ንጹሕ እጅ ማለት ያልነካ እጅ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በቤቴ የታመመ ሲኖር፣ ሰውም ይሁን ከብት፣ ሌላ ሰው ይየው ብዬ ወጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ ስምንት ወር ተኝታ ስታርፍ ከአልጋዋ አልራቅሁም። ስትደክም ውሃ በጥጥ አጠጣት ነበር፤ ይህን ማን እንዳስተማረኝ ታውቃላችሁ። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ውሳኔ ይመጣባችሁ ይሆናል፤ ለውሻችሁም ይሁን ለበቅሏችሁ። ብቻችሁን አትሁኑ። ሌላው ሰው ሲወስን ደግሞ ከኋላው ቆማችሁ እጃችሁን በእጁ ላይ ጫኑለት። መሪጌታን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አመስግኜዋለሁም። የኔታን ግን በደንብ ያመሰገንኋቸው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ምክንያቱ እንዲህ ነው።

አርባቸው በወጣ ማግስት ከእማሆይ ጋር በሩ ላይ ተቀምጠን ስለእሳቸው እናወራለን። እማሆይ ድንገት ሳቅ አሉ።

"መሪጌታ ከሞቱ ወዲህ ወንድምዓለም ጠዋት ጠዋት የሚያደርጉትን አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም። ምን ያደርጉ ነበር?"

"አንተ ሳትነሣ በሩን ከፈት ያደርጉና እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው ያዩታል። ያገላብጡታል። ከዚያ 'ተመስገን' ብለው ቀለማቸውን ይበጠብጣሉ። አንድ ቀን አላስታጎሉም።"

"ምን ይሆን የሚያዩት?"

"ይንቀጠቀጥ እንደሆን ነዋ!"

ደነገጥሁ። "እማሆይ፣ የአሮጊት ተረት ነው ብለውኝ ነበር እኮ። አያምኑበትም ነበር።"

"አይ ልጄ" አሉ እማሆይ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ተረቱን ለእኔ በልጅነቴ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እስኪሞቱ ድረስ ያምኑበት ነበር።"